ከፊት ወንበር ሥር ያለው ቀይ መብራት

እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀርቷል። የሰፈሩም ሰው፣ የድሮ ባልደረቦቹም «ጠርጥሬ» ነው የሚሉት። ይህ ስም የወጣለት የሩቅ መስመር አውቶቡስ ሹፌር በነበረበት ዘመን ነው። ነዳጅ ሲቀዳለት ዓይኑን ከቀጂው እጅ ላይ አይነቅልም። ማደሪያ ሲይዝ የአልጋውን ሥር በባትሪ ሳያይ ጫማውን አያወልቅም። «ደህና አደርክ?» ሲሉት እንኳ አሰብ አድርጎ «ምነው? ምን ሰማህ?» ይላል። አንድ ቀን ረዳቱ በተሳፋሪ ፊት «ይሄ ሰውዬ ጥላው ሲከተለው ‹ማን ልኮህ ነው?› ሳይለው አይቀርም» ብሎ ቀለደበት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ስሙም ተለጠፈበት።

ክፉ ሰው ግን አልነበረም። የታመመ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ሲቸገር መኪናውን አስነስቶ ይደርሳል፣ ሚስቱን ይወዳል። በር ዘግቶ ከሄደ በኋላ ተመልሶ በሩን አንዴ ካልገፋው ልቡ የማያርፍ ዓይነት ሰው ነው እንጂ።

ከአውቶቡሱ የወረደበት ምክንያት ሆዱ ውስጥ እንደ አጥንት ተሰክቶ ኖሯል። አንድ ጠዋት አለቃው አስጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ ከግቢ አትወጣም፤ መኪና ከቦታ ቦታ ታንቀሳቅሳለህ» አለው። ለምን ሲል፣ «ደክሟል ተብሏል» ከማለት በቀር ምንም አልጨመረም። ያቺ «ተብሏል» የምትለው ቃል ጆሮው ውስጥ ቀረች። ማነው ያለው? ማን በየትኛው መስመር እንደሚወጣ የሚመድበው ስምሪት ክፍል ነው። ስምሪት ክፍል የሚቀመጠው ደግሞ የገዛ ታላቅ ወንድሙ ነው። ጠርጥሬ ማንንም አልጠየቀም፤ በልቡ ችሎት ተሰይሞ በልቡ ፈረደ። ሥራውን ጥሎ ወጣ፤ ከወንድሙም ጋር ጤና ይስጥልኝ ሳይባባሉ ዓመታት ተቆጠሩ። እናታቸው በተቀበሩ ዕለት እንኳ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ቆመው አልቅሰው በየፊናቸው ሄዱ።

አሁን በራሱ አሮጌ መኪና ሰርቪስ ይሠራል። ጠዋት የቢሮ ሴቶችን ከየቤታቸው ለቅሞ መሥሪያ ቤታቸው ያደርሳል፤ ማታ ይመልሳቸዋል። ሦስቱ ከኋላ ይቀመጣሉ። ከፊት የምትቀመጠው ገንዘብ ያዥዋ ናት፤ እጅግ አጭር ስለሆነች ወንበሩ ወደፊት ተጠግቶም እግሯ ወለሉን እምብዛም አይነካም። ወንበሩን እንደዚያ ወደፊት ያስጠጋው እሱ ራሱ ነው፤ የኋላዎቹ «ጉልበታችን» እያሉ እንዳያማርሩ።

እኩለ ቀን ላይ እሱ ቤት ገብቶ ጋደም ሲል፣ አንዳንድ ቀን ሚስቱ መኪናዋን ይዛ ትወጣለች። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። የሰፋችውን ለደንበኞቿ ታደርሳለች፤ ልክ መሆኑንም ሰቅላ አይታ ትመለሳለች።

ከዚህች መኪና ነገር ሁሉ ጠርጥሬ የሚሳሳለት አንድ ነገር አለ፤ ባሱ፣ ያ ወፍራሙ የሙዚቃ ድምፅ። በዕቃ መጫኛው ውስጥ ይህን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ትልቅ ሰብውፈር ተጋድሟል፤ የሚያንቀሳቅሰው አምፕሊፋየር፣ በአጭሩ አምፑ፣ ደግሞ ከፊተኛው የተሳፋሪ ወንበር ሥር ተሸጉጧል። ለጭፈራ አይደለም የገዛው። ያን ሁሉ ዘመን በአውቶቡስ ሲነዳ የሞተሩን ጉርምርምታ በጀርባው ለምዶት ነበር። ትንሽ መኪና መንዳት ሲጀምር ያ ነገር ጎደለበት፤ ጀርባው ባዶ ሆነ። ባሱን ዝቅ አድርጎ ሲከፍተው ግን ያ የድሮው ጉርምርምታ ይመለስለታል። ሴቶቹም ወደውታል። «እንቅልፍ ያስይዛል» ይላሉ።

ታዲያ አንድ ማታ ሴቶቹን ጭኖ ቴፑን ሲከፍት ባሱ የለም። ዘፋኙ እንደ ወባ ትንኝ «እኝኝ» ይላል።

«ዛሬ ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ» አለች ገንዘብ ያዥዋ።

ሴቶቹን አውርዶ ቤት ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ወንበሩ ሥር በባትሪ አየ። አረንጓዴ መብራት የነበረው አምፕ ቀይ አብርቶ ፍጥጥ ብሎበታል። ጎትቶ አወጣው፤ አቧራውን እፍ አለ፣ ሽቦዎቹን ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ መልሶ ከተተው። መኪናዋን ሲያስነሳ አረንጓዴው በራ፤ ባሱም ተመለሰ። «ይኸው!» አለ፤ ራሱን መካኒክ ሊያደርግ ምንም አልቀረውም።

ከቀናት በኋላ ግን ማታ ላይ እንደገና ቀይ። ጎትቶ ሲያወጣው እንደገና አረንጓዴ። ከዚያ እንደገና ቀይ። ይህን ጊዜ የጠርጥሬ ሆድ ከአምፑ ይልቅ በሰው ላይ መሻከር ጀመረ። መጀመሪያ አምፑን የሸጠለትን ነጋዴ ጠረጠረ፤ «አሮጌውን ቀለም ቀብቶ ሰጥቶኝ ነው»። ቀጥሎ መኪና አጣቢውን ጠረጠረ፤ «ሆን ብሎ ውኃ ያስገባል፤ ወንድሙ ቴፕ ነጋዴ ነው»። አጣቢው ወንድም እንደሌለው ሲነገረው «የአጎቱ ልጅ ይሆናላ» አለ።

በመጨረሻ ጆሮ ወደሚሉት ሰው ወሰደው። ጆሮ የመኪና ድምፅ ማጉያ ጠጋኝ ነው። የሚሠራው በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ሲሆን፣ ግድግዳው ላይ ሆዳቸው የተቀደደ ድምፅ ማጉያዎች ተሰቅለዋል። ጆሮውን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚያዳምጥ ነው «ጆሮ» የሚሉት። ጠርጥሬ ከመሄዱ በፊት የሚስቱን ቀይ የጥፍር ቀለም ወስዶ በአምፑ ብሎኖች ላይ አንድ አንድ ነጥብ አደረገባቸው። ዕቃ ቢቀየርበት ሊያውቅ።

ጆሮ ነጥቦቹን አይቶ ፈገግ አለ። «አምፑን ድረኸዋል እንዴ? ጥፍሩን ቀብተኸዋል።»

«ምልክት ነው።»

«ደግ። እዚህ ቁጭ በልና እጄን ጠብቅ።»

ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ጆሮ ፊውዙን አየ፣ ደህና ነው። ከባትሪ የሚመጣውን ኃይል በቴስተር ለካ፣ ደህና ነው። ሌላ ድምፅ ማጉያ አገናኝቶ ከፈተው፤ ኮንቴይነሩ ተንቀጠቀጠ፤ መደርደሪያ ላይ የነበረ ካቻቢቴ ተንከባሎ ወደቀ።

«ማሽንህ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይጠፋል?»

«እዚህ አልጠፋማ።»

ጠርጥሬ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ሲያሰላስል ሄደ። አንድ ጠጋኝ «ምንም የለውም» ሲል ምን ማለቱ ነው? ወይ አያውቅም፣ ወይ አውቆ ዝም ብሏል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ቀዩ ነጥብ እንዳለ ነው። ይህም አላረካውም። «ተመሳሳይ ቀለም የትም ይገዛል» አለ ለራሱ።

አምፑ ግን እንደገና ታመመ። በዚህ ጊዜ ጠርጥሬ አንድ ነገር አስተዋለ። አስተውሎም ደነገጠ። ቀዩ መብራት የሚበራው ሁልጊዜ ሚስቱ መኪናዋን ይዛ በወጣችበት ቀን ነው። እሷ ባልወጣችበት ቀን ባሱ እንደ ሰላማዊ ሰው ሲያጉረመርም ይውላል።

ሚስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ነበር። እንደ ዋዛ ጣል አደረገ፤

«መኪናዋ ዛሬ ምንም አላለችሽም?»

«መኪና ምን ትለኛለች?»

«ሙዚቃ ከፍተሽ ነበር?»

«እኔ ስነዳ ሙዚቃ እንደማልከፍት ታውቅ የለ?» አለች፤ ቀና አላለችም። «ደግሞ ምን ሆነብህ?»

«ምንም። አምፑ ነው።»

«አንተና አምፕህ!» አለችና ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው።

ቀና አለማለቷን ያዘባት።

ጆሮ ደግሞ በስልክ እንዲህ ብሎት ነበር፤ «ስማ ወንድሜ፣ ሲታመም አትንካው። አንተ እያከምክ ታመጣልኛለህ፤ እኔ ጤነኛ በሽተኛ ምን ላደርገው? እንደታመመ ይዘኸው ና።» ስለዚህ ሚስቱ ከወጣችበት በአንዱ ቀን፣ ሴቶቹን ያለ ባስ አድርሶ፣ እጁን ሳያሳርፍበት በቀጥታ ወደ ኮንቴይነሩ ነዳው። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

ጆሮ ካርቶን አንጥፎ በደረቱ ተኛና በባትሪ ወንበሩ ሥር አየ። «አሁን ታመሃል፣ የኔ ጌታ» አለው አምፑን። ወደ ሰብውፈሩ የሚሄደውን ሽቦ ከአምፑ ላይ ፈታና «መኪናዋን አጥፍተህ አስነሳ» አለው። አረንጓዴ በራ።

«አየህ? ጥፋቱ የሱ አይደለም። ሽቦው የሆነ ቦታ የመኪናውን ብረት ይነካል። በዚያ ላይ ቢሠራ ይቃጠላላ፤ ስለዚህ ራሱን ይዘጋል። ቀዩ መብራት ‹አድኑኝ› ማለት ነው።»

የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በተፈታው ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በወንበሩ እግር ብረት ላይ አደረገ። ቴስተሩ ጢጥ አለ። ጆሮ ሽቦውን በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለው፤ ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«አገኘሁህ! ና እስቲ እይ።»

ጠርጥሬ ጎንበስ አለ። የሽቦው ልባስ አንድ ቦታ ላይ ተነክሶ ተነክሶ መዳቡ ገጥጧል። ጆሮ የወንበሩን እጀታ ሳበና ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋው። የወንበሩ እግር ልክ በቁስሉ ላይ ተቀመጠ።

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይላሉ» አለ ጆሮ እየሳቀ። «ወንበሩ እስከዚህ ሲመጣ ሽቦውን ይነክሰዋል። ወደፊት ብትመልሰውም ሽቦው እንደተያዘ ይቀራል። አንተ አምፑን ጎትተህ ስታወጣ ሽቦውም አብሮ ይላቀቃል፤ ‹ዳነ› ትላለህ። ያው ነው በሽታው።» ልብሱን እያራገፈ ተነሣ። «ለመሆኑ ማነው ረጅሙ ሰውዬ?»

«የምን ረጅም ሰው?»

«እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ነዋ። እስከዚህ ድረስ ወደ ኋላ የሚገፋ ሰው እግሩ ዛፍ ያክላል።»

 ገንዘብ ያዥዋ እግሯ ወለል አይነካም። ሚስቱ ብትሆን የመጋረጃ ዘንግ ለመስቀል ወንበር ላይ ቆማም በእግር ጣቶቿ ትንጠራራለች። እሱ ራሱ ዘወትር መሪው ጋ ነው። የፊቱ ቀለም ሲለወጥ ጆሮ አየውና ሳቁን ዋጠ።

«ማለቴ… ዕቃ ጭናችሁ ይሆናል። ወንበሩም ራሱ ሊንሸራተት…»

«ይሆናል» አለ ጠርጥሬ።

«በናስትሮ ልጠቅልልህና ሽቦውን በወዲያ በኩል ላዙረው። አፍታም አይፈጅም።»

«ተወው።»

«ምኑን?»

«እንዳለ ተወው። ሽቦውን መልሰህ እሰረውና አትንካው።»

ጆሮ ካቻቢቴውን እንደያዘ አየው። ሚስት ያገባ ሰው ነውና ገባው። «ወንድሜ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሽቦ ምስክር አይሆንም።»

ጠርጥሬ ግን ምስክሩን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ለጠርጥሬ እሳት ጎርሶ መኖር ሆነበት። ሽቦውን አላቆ ይጠብቃል፤ ሚስቱ ወጥታ በተመለሰች ቁጥር ቀድሞ የሚያየው ፊቷን ሳይሆን ቀዩን መብራት ነው። ወንበሩ ሁልጊዜ ወደፊት ተመልሶ ያገኘዋል። ይህ ደግሞ ይብስ አንገበገበው። ንጹሕ ሰው ወንበር ለምን ይመልሳል? ከዚያ ወንበር ላይ የሚነሣ ሽታም ያዘ፤ የሽቶ አይደለም፣ የሚያቀዘቅዝ ቅባት ሽታ። የወለሉ ምንጣፍ ላይ ደግሞ ክብ ክብ ማኅተም የመሰለ አሻራ አገኘ። የጫማ ተረከዝ እንዳይባል ክብ ነው። ጎንበስ ብሎ ቢያየው፣ ቢያሸተው ምን እንደሆነ ሊገባው አልቻለም። የጠርሙስ ቂጥ ነው ብሎ ወሰነ። ሚስቱና አንድ ረጅም ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ሲጠጡ ታየው። ሚስቱን ለስላሳ እንኳ ያቃራታል፤ ይህ ግን አላገደውም።

ለውጡን ሚስቱም አየች። «ፊትህን አጥቁረሃል፤ አሞሃል?» ትለዋለች። «ምንም አልሆንኩ» ይላል። ልትጠይቀው ትሞክርና ትተወዋለች። የሚጠይቃት ሰው ጠብቃ የነበረ ይመስል፣ አንዳንዴ አፏን ከፍታ መልሳ ትዘጋለች። እሱ ያንንም ከጥፋቷ ላይ ደመረው።

አንድ ቀን ምሳ በልተው እንደጨረሱ ሚስቱ መጋረጃ ጠቅልላ ኋላ ወንበር ላይ ጫነችና «ደንበኛ ጋ ደርሼ መጣሁ» ብላ ወጣች። ጋደም ብሎ የነበረው ጠርጥሬ ብድግ ብሎ ጫማውን አጠለቀ። ጥግ ላይ ከቆመችው ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ።

«ያቺን መኪና ተከተል። በጣም አትጠጋት።»

ባጃጅ ነጂው በመስታወት አየው። «ፖሊስ ነህ እንዴ ጋሼ?»

«ባል ነኝ።»

«እሱማ ይብሳል» አለ ነጂው፤ ማርሹን አስገባ።

ሚስቱ መጀመሪያ የሄደችው እውነትም ደንበኛ ቤት ነበር። መጋረጃውን ተሸክማ ገባች፤ ጥቂት ቆይታ ባዶ እጇን ወጣች። ጠርጥሬ አፈረ። ሊመለስ «ዙር» ሊል አፉን ከፈተ። መኪናዋ ግን ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትታ ወደ ግራ ታጠፈች። የአውቶቡስ ግቢውን አጥር ታካ፣ ከኋላው ወዳሉት አሮጌ ቤቶች ገብታ አንድ የቆርቆሮ በር ጋ ቆመችና ጥሩምባ ነፋች።

በሩ ተከፈተ። አንድ ረጅም ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ወጣ፤ በሩን ከውጭ ለመዝጋት እየታገለ ነው። በሁለት ክራንች ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ እግሩ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሏል፤ አይታጠፍም። የክራንቹ የጎማ ጫፍ አቧራው ላይ ክብ ክብ አሻራ እየተወ መጣ። ሚስቱ ወርዳ በሩን ከፈተችለት፣ ወንበሩን ሳበችና እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋችው፤ ሰውየው ቂጡን አስቀድሞ ሲገባ፣ ያን ደረቅ እግር እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ደግፋ አስገባችለት። ያኔ ሰውየው ፊቱን መለሰ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ጉንጩ ገብቷል። ቢሆንም ጠርጥሬ ያን ፊት ሊስተው አይችልም።

ወንድሙ ነው።

እፎይ አለ። እፎይታው ግን ባጃጁ ሳይንቀሳቀስ አለቀበት፤ ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ አለ። ሚስቴን ከእሱ ጋር ማን አገናኛት? እኔን ከእንጀራዬ ያፈናቀለኝን ሰው ትታቀፋለች? ምን እያሉኝ ይሆን? ሌላ ወንድ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

«እንከተል ወይስ ይበቃሃል?» አለ ነጂው፤ እሱም አዝኖለታል።

«ተከተል።»

መኪናዋ አንድ ክሊኒክ ግቢ ገብታ ቆመች። ሚስቱ ክራንቾቹን አቀበለችው፤ «አካል ማፍታቻ» ወደሚለው በር እያዘገሙ ገቡ። ጠርጥሬ ከባጃጁ ወረደ፤ ሁልጊዜ ከኪሱ የማይለይ ሁለተኛ የመኪናዋ ቁልፍ ነበረው፤ ከፍቶ መሪው ፊት ተቀመጠ። ቁልፉን አዙሮ፣ ጎንበስ ብሎ ወንበሩ ሥር አየ። ቀይ።

ሲመለሱ መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ናት። ባለችበት ቀጥ አለች። ወንድሙ መሬት መሬት እያየ ስለሚራመድ መኪናው አጠገብ እስኪደርስ አላወቀም።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለች ሚስቱ።

«የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

«ጠይቅ እንግዲህ።»

 ሚስቱ ሳትጠብቀው ራሷ ጀመረች።

«ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ደረጃ ወድቆ ጉልበቱ ተሰበረ። ብረት ገባለት። ቤት ውስጥ ሰው የለውም፤ ልጆቹ ሩቅ ናቸው። ጎረቤቱ ደንበኛዬ ናት፤ እሷ ነገረችኝ። ካልታሸ እንደ ደረቀ ይቀራል አሉ። ማን ያመላልሰው? እኔ አመላለስኩት።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«መቼ ጠየቅከኝ?» ድምፏ ከፍ አለ። «ማታ ማታ ወንበር ሥር ተደፍተህ አምፑን ስትጠይቅ ከረምክ። ጆሮን ጠየቅክ። ይኸው ዛሬ ደግሞ ባጃጅ ተከራይተህ መንገዱን ትጠይቃለህ። እኔን አንድ ቀን ‹ማንን ትጭኛለሽ?› ብለኸኛል? ብትለኝ እነግርህ ነበር። ሳትጠይቀኝ ብነግርህ ግን ‹ምን ፈልጎ ነው› ብለህ በሩን ትዘጋበት ነበር።»

«በእሷ አትፍረድ» አለ ወንድሙ፤ ክራንቹ ላይ ተደግፎ። «አትንገሪው ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እንዲህ ሆኜ ብታየኝ ታዝንልኛለህ። በሐዘኔታ እንድትታረቀኝ አልፈለግኩም።»

ጠርጥሬ ከመኪናው ወረደ። 

«ያን ጊዜ ለአለቃው የነገርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ያን ሁሉ ዓመት እርግጠኛ ነበር። ቢሆንም ወንድሙ «እኔ አይደለሁም» እንደሚለው ነበር የጠበቀው። ለክህደቱ መልስ ነበረው፤ ሌት ተቀን ሲያሰላው የኖረ መልስ። ለ«እኔ ነኝ» ግን ምንም አልነበረውም።

«ትዝ ይልሃል?» አለ ወንድሙ። «ቁልቁለቱ ላይ፣ ጠምዛዛው ጋ፣ ዓይንህ ከድኖብህ ረዳቱ ጮሆ እንደቀሰቀሰህ ነገርከኝ። እየሳቅክ ነው የነገርከኝ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። በማግሥቱ ስምህን ለዚያው መስመር ልጽፍ እጄን አነሣሁ፤ አልጻፍ አለኝ። አንተ ታየኸኝ፤ ከኋላህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ታየኝ። ሄጄ ‹ደክሟል፣ ትንሽ ይረፍ› አልኩ። ትንሽ ነበር ያልኩት፤ ለዘለዓለም ይሆናል አላልኩም።»

«ለእኔ ልትነግረኝ ይገባ ነበር።»

«ይገባ ነበር። ፈራሁህ።»

«ታላቄ ሆነህ ትፈራኛለህ?»

«ሌላውን ሰው እንዴት እንደምትጠረጥር አውቃለሁ፤ በእኔ ሲደርስ ማየቱን ፈራሁ። አልቀረልኝም።»

 ከበሩ በኩል የባጃጁ ጥሩምባ ተነፋ። «ጋሼ! ልሂድ ወይስ ገና እንከተላለን?»

«ሂድ!» አለ ጠርጥሬ። ሄዶ ሂሳቡን ሰጠውና ተመለሰ። ከዚያ የተሳፋሪውን በር ከፈተ። ወንድሙ ቂጡን አስቀድሞ ገባ። ጠርጥሬ ጎንበስ ብሎ ያን ደረቅ እግር አነሣው፤ ቅባቱ ሸተተው። እግሩ እንዳሰበው አልከበደም፤ ከስቷል።

 መንገድ ላይ ጠርጥሬ ቴፑን ከፈተ፤ ዘፋኙ «እኝኝ» አለ።

«ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» አለ ወንድሙ።

«የተቀመጥክበት ወንበር ሽቦውን ነክሶት ነው። ወደ ኋላ ስትገፉት ይነክሰዋል። ጆሮ ነው ያገኘው፤ ረጅም ሰው አለ አለኝ።»

ወንድሙ ሳቀ። ጠርጥሬም ከንፈሩ ሊፈታ ሲል በመስታወት ኋላ የተቀመጠችውን ሚስቱን አየ። አልሳቀችም።

«ረጅም ሰው አለ ሲልህ» አለች ቀስ ብላ፣ «ማን መሰለህ?»

ጠርጥሬ ዓይኑን ከመስታወቱ ወደ መንገዱ መለሰ። እሷም አልደገመችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የወንድሙ ነገር በክሊኒኩ ግቢ አለቀ ይባል፤ የሚስቱ ነገር ግን ያኔ ጀመረ። የልብስ ስፌት መኪናዋ ያለበት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ከዚያ ተኛች። ምግብ ታቀርባለች፣ አትናገርም። እሱ ጆሮ ጋ ሄዶ ሽቦውን በናስትሮ አስጠቅልሎ በበሩ በኩል አስዞረው፤ ወንበሩ እንደልቡ ወደ ኋላ እንዲሄድ። ባሱ ተመለሰ። ተመልሶም ጀርባውን አልሞላው አለ። ጆሮ ምንም አልጠየቀውም፤ «ምስክሩን አሰናበትከው?» ብቻ አለው። «አሰናበትኩት» አለ ጠርጥሬ።

በመጨረሻ ሚስቱ የምትሠራበት ክፍል በር ላይ ቆመ።

«ጠርጥሬሽ ነበር» አለ።

የስፌት መኪናው ቆመ። «በምን?»

ሊያድበሰብስ አሰበ፤ ተወው። ሁሉንም ነገራት፤ ቅባቱን፣ ክቡን አሻራ፣ የጠርሙሱን ነገር ሳይቀር። ጠርሙሱ ላይ ሲደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየለትም። እሷም አልለየላትም መሰል፣ ሁለቱም መጡባት።

«ያን ሁሉ ቀን ከዚህ ጋር አብረኸኝ በላህ?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አንድ ቃል ብትጠይቀኝ እኮ ያልቅ ነበር።»

«አሁን እጠይቃለሁ።»

«እናያለን» አለች።

ወንድሙን ወደ ክሊኒክ ማመላለሱን ከዚያ በኋላ ጠርጥሬ ወሰደው። መጀመሪያ ሰሞን የሚያወሩት ስለ ጎማና ስለ መንገድ ነበር። ጠርጥሬ አልፎ አልፎ ቂሙ ያገረሽበታል፤ ያን ጊዜ የሙዚቃውን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል። ወንድሙ «ባሱን ቀንሰው፣ ጉልበቴ ውስጥ ያለው ብረት አብሮ ይዘፍናል» ሲለው ይቀንሳል። አንድ ቀን ወንድሙ በሩ ላይ ሲወርድ ጠርጥሬ ሳያስበው «ወንድምጋሼ፣ ኮፍያህን ረሳህ» አለው። እንደ ልጅነታቸው። ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ። ውሎ አድሮ ወንድሙ፣ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ባይታጠፍም፣ ክራንቹን ጥሎ በአንድ ከዘራ ወደ ስምሪት ክፍሉ ተመለሰ።

ጠርጥሬም ቃሉን ጠበቀ፤ ይጠይቃል። «የት ነበርሽ? ማን ነበር? ምን አለሽ? ለምን እንዲያ አለሽ?» ሚስቱ መጋረጃ እያጠፈች ትመልስለታለች፤ ከዚያም ይቀጥላል፤ እሷም ትመልሳለች። አንድ ከሰዓት ግን ጥያቄው ሲበዛባት ጨርቁን አስቀምጣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ዛሬስ ዝም ብለህ ብትጠረጥረኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሳቀና የጨርቁን ሌላኛውን ጫፍ ያዘላት፤ አብረው አጠፉት።